ያልታተመው የላም ማስታወቂያ

ሴኞር ቬናንሲዮ ኪንቴላ «የሸለቆው ድምፅ» የተባለውን ጋዜጣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አሳትመዋል። ሃያ ስምንቱን ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። በነዚያ ዓመታት የስንቱን ሰው ዜና ዕረፍት እንደጻፉ ቆጥሬ አልዘልቀውም። እሳቸው ራሳቸው ሲሞቱ ግን ጋዜጣው ቀድሟቸው ስለ ሞተ አንዲት መስመር የጻፈላቸው አልተገኘም። እኔ ደግሞ ብዕር ያነሳሁት አሁን ነው፤ ያውም የማነሳው ለማሞገስ ብቻ አይደለም።

ጋዜጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ፣ በፖንቴዴላ የገበያ ቀን ይወጣ ነበር። አራት ገጽ ነው። የሚያነቡት ሦስት ትንንሽ ከተሞች ናቸው፤ ድልድዩ ያለባት የኛዋ ፖንቴዴላ፣ የሱፍ ፋብሪካ ያላት ሶውቴሎ፣ ከተራራው ሥር ተለጥፋ ያለችው ሎሬዶ። ሦስቱ ከተሞች አንዱ የሌላውን ስም በመልካም አያነሳም ነበር። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ጋዜጣውን መጠበቅ ብቻ ነው። ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከፈረንሳይ መጣ፣ የማን ጃንጥላ ከቤተ ክርስቲያን ጠፋ፣ ድንች ስንት ገባ፤ ይኸው ነበር ዜናችን።

አንድ ቀን የሶውቴሎ ጋጋሪ ሚስት በሩን በርግዳ ገባች። ሊጡ ከክንዷ ላይ ገና አልተራገፈም።

«የኔ ልጅ ሰርግ ሦስት መስመር! የዚያች የፖንቴዴላዋ አምስት መስመር! ምነው፣ የኛ ሙሽራ ግማሽ ሴት ናት?»

ሴኞር ቬናንሲዮ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «እመቤቴ፣ የነሱ የቤተሰብ ስም ረጅም ሆኖብኝ እኮ ነው፤» አሏት።

«እንዲህ ከሆነማ እኛም እናስረዝማለና!» ብላ ወጣች። በሚቀጥለው እትም ይቅርታ ተብሎ የሙሽራይቱ ስም ከነአያት ቅድመ አያቷ ወጣላት። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ሰው ከሚከፋ ገጽ ይጥበብ ይሉ ነበር።

ጋዜጣውን ከመጀመራቸው በፊት በሎሬዶ ስምንት ዓመት አስተምረዋል። አጎታቸው ሞቶ ማተሚያ ቤቱን ሲያወርሳቸው ጠመኔውን ጥለው መጡ። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ፊደል ለቃሚ ነው፤ የእርሳስ ፊደሎቹን ከሳጥናቸው እያነሳሁ፣ አንድ በአንድ እየደረደርኩ፣ ቃል እሠራለሁ። ከታተመ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ወደየቤቱ እመልሳለሁ። ጣቶቼ እስከ ዛሬ ቀለም ቀለም ይሸታሉ፤ ባሌም ሲቀልድብኝ «አንቺን ማግባት ጋዜጣ ማቀፍ ነው» ይል ነበር።

የዚያን ጊዜ ነገር ሁሉ በሳንሱር ያልፋል። የእርማት ወረቀቱ በአውቶቡስ ወደ አውራጃው ከተማ ይሄዳል፤ በሰማያዊ እርሳስ ተሰርዞ ይመለሳል። እኛን ብዙም አይነኩንም ነበር፤ በድንች ዋጋ ምን ይሰርዙ? በፈረንጆች 1966 በጋ ግን ሴኞር ቬናንሲዮ ስለ ሎሬዶ ዓመት በዓል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ዘንድሮ የቅድስቲቱን ምስል የሚሸከም ጎልማሳ ጠፍቶ ሽማግሌዎች ተሸክመውት ዞሩ።» እውነት ነው። ወጣቱ ገሚሱ መንግሥት በቅኝ ግዛቱ በአንጎላ ወደሚያካሂደው ጦርነት ተልኳል፣ ገሚሱ ላለመላክ በሌሊት ድንበር ተሻግሮ ፈረንሳይ ገብቷል። ሳንሱሩ ያን ዐረፍተ ነገር ሳያየው አለፈ፤ ሌላ ሰው ግን አየው። ሴኞር ቬናንሲዮ ወደ አውራጃው ፖሊስ ተጠርተው ሄዱ፤ በማግስቱ ሲመለሱ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። ለሦስት እትም ታገድን። አንዲት ተመሳሳይ ነገር ብትገኝ ጋዜጣው ለሁልጊዜ እንደሚዘጋ፣ እሳቸውም የሚጠብቃቸውን እንደሚያውቁት ነገሯቸው። እዚያ ምን እንዳደረጓቸው ጠይቄያቸው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት የሎሬዶዋ የእትዬ ፌሊዝቤላ ልጅ አብሊዮ ጠፋ። ሃያ ዓመቱ ነበር፤ የውትድርና ጥሪው ደርሶታል። ባሏ የሞተባት፣ ከሱ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ናት። ያን ጊዜ የሚሄዱት ልጆች ፎቶግራፍ ለሁለት ቀደው ግማሹን ለእናታቸው ይተዋሉ፤ በሰላም ሲደርሱ ሌላውን ግማሽ በድንበር አሻጋሪው እጅ ይልካሉ። የአብሊዮ ግማሽ አልመጣም። አሻጋሪው ተይዟል ተባለ። በዚያው ሰሞን በድንበሩ ወንዝ ሁለት ልጆች ሰጥመዋል የሚል ወሬ ወረደ፤ የእነማን ልጆች እንደሆኑ የሚያውቅ ግን የለም።

እትዬ ፌሊዝቤላ ጋዜጣ በሚወጣበት ቅዳሜ ሁሉ ወደ ማተሚያ ቤቱ መምጣት ጀመረች። ማንበብ አታውቅም። ስድስት እንቁላል በመሐረብ ቋጥራ ታመጣና፣ «ኤርሜሊንዳዬ፣ እስቲ ሙሉውን አንብቢልኝ፤ ማስታወቂያውንም ሳይቀር፤» ትለኛለች። አነብላታለሁ። ስጨርስ «ይኸው ነው?» ትላለች። «ይኸው ነው፣ እትዬ።» «መልካም። እንቁላሉን አትሰባብሪው» ብላ ትወጣለች።

በመጋቢት 1967 ከፈረንሳይ አንድ ፖስታ መጣ። የላኪ ስም የለውም። ውስጡ ዐሥር ፍራንክና አንዲት ማስታወቂያ ነበረች፤ «እስትሬላ የምትባል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቀይ ላም ከሎሬዶ ጠፍታ ተገኝታለች። ጤነኛ ናት፤ የምትበላውም አላጣች። ባለቤቷ አትስጋ።»

ሴኞር ቬናንሲዮ በወጉ ሳያዩት ከሌሎቹ ማስታወቂያዎች ጋር ሰጡኝ፤ ለቀምኩት። ፊደሉን ደርድሬ እንደ ጨረስኩ የእርማት ወረቀቱን ሲያነቡ የላሟ ማስታወቂያ ላይ ቆሙ። ከዚያ ዋናውን ወረቀት አስመጡና ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ።

«ይህ የአብሊዮ እጅ ጽሕፈት ነው፤» አሉ በዝግታ። «አራት ዓመት ጎበጥ አድርገህ አትጻፍ እያልኩ ጆሮውን ጎትቻለሁ። እስትሬላ ደግሞ የነሱ ላም ነበረች፤ ልጁ ሁለተኛ ክፍል እያለ ገደል ገብታ ሞታለች። ትምህርት ቤት መጥቶ ቀኑን ሙሉ አለቀሰ።»

እኔ ከደስታዬ የተነሳ እጄን አጨበጨብኩ። «በሕይወት አለ በሉኛ! እትዬ ፌሊዝቤላ ስትሰማ...»

«ዝም በይ!» በሩን ዞር ብለው አዩ። «ላም በፈረንሳይ ተገኘች ተብሎ ይታተማል? እኔ ካወቅኩት እነሱስ አያውቁትም?»

«ከፈረንሳይ ነው አይልም እኮ። ላም ነው የሚለው።»

«ኤርሜሊንዳ፣ ለአንዲት ላም ብዬ የሦስት ከተማ ሰው ጋዜጣ ላዘጋ?» አሉ። ቀጥለው፣ «በትኚው፤» አሉ። «ለእናቲቱ እኔው በአፌ እነግራታለሁ፤ ቅዳሜ። ከኛ ከሁለታችን በቀር ማንም እንዳይሰማ፤ ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። የደረደርኩትን ፊደል አንድ በአንድ ወደየሳጥኑ መለስኩት። ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

ቅዳሜ እትዬ ፌሊዝቤላ መጣች። ብቻዋን አልነበረችም፤ የሎሬዶው የቀበሌ ሹም ሚስት አብራት ገብታ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ሴኞር ቬናንሲዮ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ። በሚቀጥለው የጋዜጣ ቅዳሜ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ነበርኩ። ተሽሎኝ ስመለስ በዓይኔ ጠየቅኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሯት ብዬ ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ ሳነብላት እንደ ወትሮዋ ጸጥ ብላ ስታዳምጥ፣ ምስጢር ጠባቂ ሴት ናት እያልኩ በልቤ አደንቃት ነበር። አንዳንዴ ሰው ሳያይ ፈገግ እላታለሁ። እሷም ፈገግ ትላለች። ደግ ልጅ ናት ብላ ይሆናል፤ ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

በኅዳር ወር ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ገባች። እጇ ላይ ቄሱ የጻፉላት ወረቀት አለ። ለልጇ ለአብሊዮ ነፍስ የዓመት ጸሎት እንደሚደረግ የሚያሳውቅ ነው።

ወረቀቱን አንብቤ ወደ ሴኞር ቬናንሲዮ ቀና አልኩ። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ወንዙ መልሶልኝ ቢሆን እቀብረው ነበር፤» አለች እትዬ ፌሊዝቤላ። «ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ጸሎት እንኳ ይደረግለት ብዬ ነው። ሦስት መስመር ይበቃዋል፣ ሴኞር ቬናንሲዮ። እንዳይጨነቁ።»

እንቁላሏን አስቀምጣ ወጣች። ሴኞር ቬናንሲዮ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያነሱ ተከትለዋት ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ድልድዩ ላይ ደረሱባት፣ ቆመው አወሩ፣ ክንዷን ያዝ አደረጉት። ሲመለሱ በሩ ላይ ጠበቅኳቸው።

«ነገሯት?»

«ነገርኳት።»

«እስከ ዛሬስ?»

«እስከ ዛሬ አልቻልኩም ነበር። አሁን አውቃለች።»

«ታዲያ የጸሎቱ ማስታወቂያ?»

«ይውጣ። ጸሎቱ ቢቀር ሰው ለምን ይላል። እሷም እንዲህ ይሁን ብላለች።»

አመንኳቸው። ለምን አላምን? ዋሽተውኝ አያውቁም። ያን የሙት ጸሎት ማስታወቂያ በነዚሁ ጣቶቼ ለቀምኩት፤ በጥቁር መስመር ከብቤ አሳመርኩት። ለምሥጢሩ መሸፈኛ ነው እያልኩ።

እትዬ ፌሊዝቤላ በየካቲት 1970 በሳንባ ምች ሞተች። ሎሬዶ ወጥቼ ቀበርኳት። ሴኞር ቬናንሲዮ እግሬን አሞኛል ብለው ቀሩ።

በ1974 በሚያዝያ መንግሥት ተገለበጠ። ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፤ ጋዜጣችንም በሰማያዊ እርሳስ ሳይነካ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። በነሐሴ አንድ አቧራ የለበሰ የፈረንሳይ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ወፍራም ጢም ያለው ጎልማሳ ወረደ፤ ያወቅኩት በአረማመዱ ነው፤ እናቱ እንደዚያ ነበረች የምትራመደው።

«አስተማሪዬ!» ብሎ ሴኞር ቬናንሲዮን አቀፋቸው። ከዚያ ገና ሳይቀመጥ፣ «ማስታወቂያዬ ደርሶ ነበር? የላሟ?» አለ።

እኔ አፌን ከፈትኩ፤ «እንዴታ፣ እናትህም ሰምታለች» ልለው ነው። እሱ ግን አላቆመም።

«ደርሶ ቢሆን ይወጣ ነበር፣ አውቃለሁ። ትናንት ሎሬዶ ጎረቤቶቹ ነገሩኝ። ልትሞት ስትል ‹አይዟችሁ፣ ወደ አብሊዮ ነው የምሄደው› ብላለች አሉ። ወደ እኔ! እኔ ሊዮን ከተማ ሲሚንቶ ተሸክሜ፣ እናቴ አውቃለች፣ ተረጋግታለች እያልኩ እተኛ ነበር። ሌላ ደብዳቤ ብልክ ፖሊስ እሷን ይይዛል ብዬ ነው ሁለተኛ ያልጻፍኩት።»

እኔ ወደ አለቃዬ ዞርኩ። ሴኞር ቬናንሲዮ አላዩኝም።

«ደርሶኝ ነበር፣ ልጄ፤» አሉ። «ሳንሱሩ ሰረዘው።»

አብሊዮ ጥርሱን ነከሰ። «ውሾች!» አለ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በሳንሱሩ ይሳበብ ነበር፤ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። የሴኞር ቬናንሲዮን እጅ ይዞ፣ «እርስዎማ የሚችሉትን አድርገዋል፤» አላቸው።

መኪናው እንደ ሄደ በሩን ዘጋሁት።

«ድልድዩ ላይ ምን አሏት ታዲያ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት፤» አሉ በመጨረሻ። «ልነግራት ነበር የወጣሁት፣ ኤርሜሊንዳ። ቀና ብላ ስታየኝ፣ ስምንት ወር አውቀህ ዝም አልክ ብትለኝ ምን እላለሁ አልኩ። ከጭንቀቱ የባሰው እፍረቱ ነበር። መጀመሪያ ፈርቼ ነው፤ በኋላ ግን ፖሊሱን አልነበረም የፈራሁት። እሷን ነው።»

ሥራዬን ልለቅ አሰብኩ። አልለቀቅኩም። ልጆች ነበሩኝ፤ ደግሞም እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ እኔስ ምን አደረግሁ?

ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ሠራን። ጋዜጣው ስመ ጥር ሆነ። ሴኞር ቬናንሲዮ ስለ ፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ ጻፉ፣ መንገድ ይሠራልን ብለው ጻፉ፣ ከሚኒስትር ጋር ሳይቀር ተሟገቱ። ማንንም አይፈሩም ተባለላቸው። አብሊዮ ከሊዮን የጋዜጣው ደንበኛ ሆነ፤ ለገና ሁልጊዜ ካርድ ይልካል። «እናቴን ሊያጽናኑ ለሞከሩት አስተማሪዬ» ይላል። ካርዱ በመጣ ቀን ሴኞር ቬናንሲዮ ምሳ አይበሉም።

ሦስቱ ከተሞች ግን እየሳሱ ሄዱ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ የሎሬዶ ትምህርት ቤት አራት ተማሪ ቀርቶት ተቆለፈ። አንባቢ ሲሞት የሚተካው አልነበረም። በ1989 በሰኔ የመጨረሻውን እትም አወጣን። በማግስቱ ሴኞር ቬናንሲዮ ወደ ቤቴ መጥተው፣ «ከኔ ጋር ሊዮን ትሄጃለሽ?» አሉኝ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ከአገር ወጥተው አያውቁም። ምክንያቱን አልጠየቅኩም።

ሁለት ቀን በባቡር ሄድን። አብሊዮና ሚስቱ ከጣቢያ ተቀብለው፣ የደረቀ ዓሣ በድንችና በወይራ ዘይት ሠርተው ጠበቁን። ሚስቱ ፈረንሳዊት ናት፤ «አስተማሪው፣ አስተማሪው» እያለች ደጋግማ ምግብ ትጨምርላቸዋለች። ሴኞር ቬናንሲዮ ሹካቸውን አላነሱም።

«አብሊዮ፣ ሳንሱሩ ማስታወቂያህን አላየውም። አልላክሁትም። የበተንኩት እኔ ነኝ። ለእናትህም አልነገርኳት።»

አብሊዮ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ሚስቱ ምን አለ ብላ ጠየቀችው፤ አልተረጎመላትም።

«ጸሎቱን እንኳ አትመውታል አሉኝ፤» አለ።

«አትሜዋለሁ።»

«በሕይወት እያለሁ።»

«በሕይወት እያለህ።»

አብሊዮ ወደ እኔ ዞረ። ሴኞር ቬናንሲዮ ቀደም ብለው፣ «እሷ ምንም አታውቅም፤ ለእርጅናዬ አጃቢ ነው ያመጣኋት፤» አሉ። እኔም ዓይኔን ወደ ሳህኔ መለስኩ።

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፤» አለ አብሊዮ፣ «የማላውቀውን አንድ የሳንሱር ሰው ስረግም ኖርኩ። ፊቱን እንኳ በሐሳቤ ሠርቼለት ነበር። አሁን ምን ላድርገው? ባይነግሩኝ ይሻል ነበር፣ ሴኞር ቬናንሲዮ። ለእርስዎ ቀለል እንዲልዎት እኔ ላይ ጫኑት።»

አልሰደበም፣ አልጮኸም። ጠዋት ሻንጣቸውን ተሸክሞ ባቡር ጣቢያ አደረሰን። እጃቸውን ሲዘረጉለት ግን ሻንጣውን አቀበላቸው እንጂ አልጨበጣቸውም።

በመንገድ ሁሉ ሴኞር ቬናንሲዮ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «ልክ ነው። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር።» አልቀለላቸውም። ሁለት ዓመት ቆይተው በእንቅልፋቸው ሞቱ። ለቀብራቸው ከሦስቱም ከተማ ሰው መጣ፤ የማይዋደደው ሁሉ ጎን ለጎን ቆመ። ቄሱ፣ «ከሕዝቡ እውነት ያልደበቀ ሰው» ብለው ሰበኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ።

በቀጣዩ ነሐሴ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አብሊዮን ሱቁ በር ላይ አገኘሁት። የእናቱን ቤት ጣራ ሊያሳድስ መጥቷል። ሰላምታ ሰጠኝ፤ የሴኞር ቬናንሲዮን ሞት መስማቱን ነገረኝ። ከዚያ ዳቦውን በብብቱ ሥር እንደ ያዘ፣

«አንቺስ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

የሚያስጥለኝ ሰው አልነበረም አሁን። «ማስታወቂያውን የለቀምኩት እኔ ነኝ። የበተንኩትም እኔ። ነግረዋታል ብዬ አምኜ ነበር። ግን አንድም ቀን ሄጄ እሷን ራሷን አልጠየቅኳትም።»

«ከዚህ ሎሬዶ በእግር ስንት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«እሷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣ ነበር።»

«አዎ።»

ሌላ ነገር ሊለኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። «ጣራው እስከ መስከረም አያልቅም መሰለኝ፤» አለና ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ዳቦዬን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።